ሰፈሩ የማያውቀው ስም

ጌጃ ሰፈር ውስጥ ለልጁ ካፖርት የፈለገ ሰው «ትዕግሥት ገልባጯ ጋ ሂድ» ይባል ነበር። ከመርካቶ ሰልባጅ ተራ ያረጀ የአዋቂ ካፖርት ትገዛለች፤ ስፌቱን ትፈታለች፤ ፀሐይ የበላውን ፊቱን ወደ ውስጥ፣ ሰው ያላየውን ጀርባውን ወደ ውጭ ታዞርና ከአንዱ ካፖርት ሁለት የሕፃን ካፖርት ታወጣለች። ክረምት ሲገባ ከተክለ ሃይማኖት እስከ ልደታ ትምህርት ቤት የሚመላለሰው ልጅ ብዙው የእሷን ስፌት ለብሶ ነበር የሚታየው። ሥራዋ ጥንቁቅ፣ አፏ ቁጥብ። ስለ ራሷ ሲጠይቋት «ከቡልጋ ነኝ» ትልና ወደ ስፌት መኪናዋ ታጎነብሳለች።

ከቡልጋ አልነበረችም፤ ስሟም ትዕግሥት አልነበረም። ትርሓስ ነበር ስሟ። ትርሓስ ገብረአረጋዊ። ውቅሮ ተወልዳ፣ ገና በልጅነቷ ለመቀሌው የጭነት መኪና ሾፌር ለአስገዶም ተዳረች። አስገዶም የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ የሚሉት ዓይነት ሰው ነበር። መንገድ ላይ ለተበላሸ መኪና ሁሉ የሚቆም፣ ለቅሶ ቤት ቀድሞ የሚደርስ፣ ሠርግ ላይ ጨዋታው የማይጠገብ። የቤቱን ደጃፍ ሲረግጥ ግን ፊቱ ይለወጣል። አንድ ቀን በጥፊ ሲመታት የግራ ጆሮዋ ተደፍኖ ቀረ። በሸሸች ቁጥር ሽማግሌዎች እየመከሩ ይመልሷታል፤ «ባል ነው፤ ቻይው» ይሏታል።

በ1969 ዓ.ም. እሱ ወደ አስመራ ጭኖ በወጣበት ቀን፣ አራት ዓመት የሞላትን ልጇን ብርክቲን አዝላ፣ እናቷ ለሠርጓ የሰጠቻትን የእጅ ስፌት መኪና በጋቢ ቋጥራ፣ አዲስ አበባ በሚሄድ የእህል መኪና ላይ ወጣች። በከተማው የምታውቀው ሰው አልነበራትም።

እማማ ወለተሰንበት ያገኟት ልደታ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ተቀምጣ ነው። እማማ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት ነበሩ። የሚያከራዩአቸው ቤቶች በትርፍ ቤት አዋጅ ተወርሰውባቸው የቀረቻቸው ጌጃ ሰፈር ያለችው ግቢያቸው ብቻ ናት። ሕፃኗ ስታለቅስ ሰምተው ቆሙ።

«የማን ነሽ ልጄ?»

ትርሓስ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«እሺ፤ አትንገሪኝ። የማላውቀውን ማንም ከአፌ አያወጣውም። ይልቅ ተነሺ፤ ብርድ ነው» አሉና ቋጠሮውን ሊያነሱላት ጎንበስ አሉ። «ምን ጉድ ነው የተሸከምሽው! ድንጋይ ነው?» አሉ ክብደቱ አስደንግጧቸው። ትርሓስ ከመቀሌ ከወጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

እማማ ቀበሌ ሄደው «የእህቴ ልጅ ናት፤ ትዕግሥት ትባላለች፤ ልጇ በረከት» ብለው አስመዘገቧት። ብርክቲ አማርኛ እስክትለምድ ድረስ በትግርኛ እያለቀሰች ጉዳቸውን እንዳታወጣ ከጓዳ አትወጣም ነበር። ከፍ ብላ መጠየቅ ስትጀምር ትርሓስ አስቀምጣ ነገረቻት።

«ትርሓስ የሚለውን ስም እዚህ አገር ከእኔና ካንቺ በቀር የሚያውቅ የለም። እማማ እንኳ አያውቁም። ከአፍሽ ከወጣ ከዚህ ቤት እንወጣለን።»

ልጅቷ አፏን በሁለት እጇ ሸፈነች። ስለ አባቷ ስትጠይቅ ግን ትርሓስ «ሩቅ አገር ነው» ከማለት ሌላ ምንም አልነገረቻትም። የተደፈነውን ጆሮዋንም «በልጅነቴ ታምሜ ነው» አለቻት። ልጅ አባቱን እየጠላ እንዲያድግ አልፈለገችም።

በ1971 ዓ.ም. ያለ ፈቃድ የሚነግድ ሁሉ ተመዝግቦ ግብር እንዲከፍል ታዘዘ። ትርሓስም ግብር ቢሮ ሄዳ ተሰለፈች። የተቀበሏት ሰው አቶ ኃይለመለኮት ይባላሉ፤ ፀጉራቸው መሸበት የጀመረ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ እዚያው ልደታ አካባቢ የሚኖሩ የቢሮ ሰው ናቸው። ወረቀቶቿን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ቀና አሉ።

«እህቴ፣ የስፌት መኪናው ደረሰኝ ትርሓስ ገብረአረጋዊ ይላል። አንቺ ደግሞ ትዕግሥት ነሽ።»

ትርሓስ ደረሰኙን ያመጣችው መኪናው የራሷ መሆኑን ለማስረዳት እንጂ ስሙ እንደሚነበብ እንኳ አላሰበችም። ያኔ ፊደል ገና አልቆጠረችም። አቶ ኃይለመለኮት ዝምታዋን አይተው ተነሡና በሩን ዘጉት።

«የሰው ዕቃ ነው?»

«የእናቴ ስጦታ ነው። ትርሓስ እኔ ነኝ» አለች። ከባል ሸሽታ መምጣቷን፣ ቢያገኛት ምን እንደሚያደርጋት በአጭሩ ነገረቻቸው።

አቶ ኃይለመለኮት ብዕራቸውን አስቀመጡ። ሁለት ሴት ልጆች ዳርተዋል። «ስሚኝ» አሉ። «ዕቃው ያንቺ መሆኑ ካልተመዘገበ ነገ አብዮት ጥበቃ ገብቶ ይህ መኪና ከየት መጣ ቢልሽ መልስ የለሽም። ስለዚህ ሁለቱንም ስም እጽፋለሁ። ፋይሉ እዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ከግብር ጉዳይ በቀር ለማንም አይወጣም።»

«የሚጠይቅ ቢመጣስ?»

«ከእኔ ምን ያገኛል? ይህ እኮ የመንግሥት መዝገብ ነው፤ የገበያ ወሬ አይደለም።»

አመነቻቸው። ለማመን ደግሞ ምክንያት ነበራት፤ በሩን ዘግተዋል፣ ሰው በሌለበት ጠይቀዋታል፣ አላዋረዷትም። ወደ ቤቷ ስትመለስ ያንን የተቀበረ ስሟን በልቧ እየደጋገመች ሄደች። አንድ ሰው ቢያውቀው ምን አለበት ብላ ደስ አላት።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ዓመታት የሕይወቷ ደጎቹ ነበሩ። ፊደል ቆጠረች። ብርክቲ ትምህርት ቤት ገባች፤ ከክፍሏ ጎበዝ ሆነች፤ ማታ ማታ ለእማማ ውዳሴ ማርያም የምታነበው እሷ ነበረች።

በ1974 ዓ.ም. ግንቦት ልደታ ዕለት ሰፈሩ በሙሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣ። እማማ በጠዋት ሄደዋል። ብርክቲን ጉንፋን ይዟት ስለነበር ትርሓስ አልብሳ አስተኛቻትና ለበዓል የታዘዘ ሥራ ልታደርስ ተክለ ሃይማኖት ድረስ ሄደች። ስትመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። አልጋው ባዶ ነው። የልጅቷ ጫማና ካፖርት የሉም።

ጎረቤቷ ጠጅቱ ከደጃፏ ሆና በግርምት አየቻት። «ምነው፣ አንቺ አይደለሽ እንዴ የላክሽው?»

«ማንን?»

«አባቷን ነዋ። ረጅም ቀይ ሰው፣ የወርቅ ጥርስ ያለው። እናቷ ልካኝ ነው አለ። ልጅቷም እጁን ይዛ ነው የወጣችው፤ ብስኩት ገዝቶላት እየበላች። አላለቀሰችም። እንዲያውም ሰውዬው ‹ትርሓስ ናት የላከችኝ› ሲል ‹ትርሓስ ደግሞ ማናት?› ብዬው ሳቀብኝ።»

ትርሓስ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሮጠች። የጭነት መኪኖች የሚያድሩባቸውን ግቢዎች አንድ በአንድ ዞረች። ነጠላዋ የት እንደወደቀ አታውቅም። ሰዎች ደግፈው ወደ ቤት ሲመልሷት የበዓሉ ንፍሮ በየደጁ ይታደል ነበር።

እንዴት አገኘን? የሚለው ጥያቄ ነው ያሳበዳት። ሰፈሩ ትርሓስ የምትባል ሴት አያውቅም። በየቤቱ ቢዞር፣ ሕፃን ሽማግሌ ቢጠይቅ፣ «የለችም» ነበር የሚሉት። ብርክቲ ተናግራ ይሆን? ለማን? ይህን እያሰበች ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ዋለች። ሰው እንደሞተበት ቤት ጎረቤት እየገባ አብሯት ይቀመጣል።

በዚያ ሳምንት አቶ ኃይለመለኮት መጡ። ነጠላቸውን እንደ ለቀስተኛ አጣፍተዋል። ደጃፉ ላይ የሰዉን ጫማ፣ ቤት ውስጥ የተቀመጡትን ሴቶች አዩና ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ገቡ።

«እግዚአብሔር ያጥናሽ እህቴ። ያለ ነው። እናት መቼም እናት ናት፤ ሀዘኗ አይለመድም።»

ትርሓስ ቀና አለች። «የማን እናት?»

አቶ ኃይለመለኮት ግራ ተጋቡ። «እናትሽ ናቸዋ። ወንድምሽ ሐድጉ ነገረኝ።» ዙሪያቸውን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መርዶውን ነግሮሽ የለ? ቢሮ መጥቶ እኮ ነው የጠየቀኝ። እናታችን አርፋ እህቴ ሳታውቅ እንዴት ትኑር፣ ሰፈር ለሰፈር ስሟን ብጠራ የሚያውቃት አጣሁ፤ በዚህ በኩል ትነግዳለች ሲሉ ሰምቻለሁና የሚነግድ ሰው ግብር ቢሮ አይጠፋም ብዬ ነው የመጣሁት አለኝ። እንባው እየወረደ ነው የለመነኝ። በእናት መርዶ እንዴት ጨክኜ ሂድ ልበለው?»

«ወንድም የለኝም» አለች ትርሓስ።

ከፍራሹ ተነሣች።

«ረጅም ነው? ቀይ? የወርቅ ጥርስ አለው?»

አቶ ኃይለመለኮት ነጠላቸውን ሊያስተካክሉ ያነሱት እጅ ደረታቸው ላይ ቀረ። ቆይተው «መዝገቡን አላሳየሁትም» አሉ፤ ይህ የሚያድናቸው ይመስል። «በብጣሽ ወረቀት ነው ጽፌ የሰጠሁት። ስምሽንና ቤቱን ብቻ።»

«ያን ቀን በሩን ዘግተውልኝ ነበር» አለች ትርሓስ። አልጮኸችም፤ አልረገመቻቸውም። ጉቦ በልተው ቢሆን የምትጠላው ሰው ባገኘች ነበር። እሳቸው ግን አዝነውላት ነው ያጠፏት። እማማ ወለተሰንበት ተነሥተው ሰውዬውን በክንዳቸው ይዘው እስከ በር ሸኟቸው። አቶ ኃይለመለኮት ጫማቸውን እያደረጉ እንደ ሕፃን ሲያለቅሱ ሴቶቹ አዩ።

ቀበሌ ሄደች። «ልጅቷን አባቷ ወሰደ፤ ወንጀሉ የቱ ላይ ነው?» አላት ሊቀመንበሩ። ፖሊስም ያንኑ ደገመላት። ወደ መቀሌ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ የይለፍ ወረቀት ስትጠይቅ ደግሞ የቀበሌው መዝገብ የቡልጋ ሰው መሆኗን ይናገራል። «ቡልጋ የተወለድሽ ትግራይ ምን አለሽ?» አሏት። እውነቱን ብትናገር እማማን ማሳሰር ነው። ባዶ እጇን ወጣች። ያለ ወረቀት በአውቶቡስ ተሳፍራ ወልድያ ስትደርስ ኬላ ላይ አወረዷት፤ አስረው መረመሯትና መለሷት። ደግማ ሞከረች፤ ደሴን አላለፈችም። ደብዳቤ ጽፋ ላከች፤ መልስ አልመጣም። ሰሜኑ ጦርነት ነው፤ መንገዱ በወታደር አጀብ ነው የሚኬደው።

በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ሲመጣ ከውቅሮ የተፈናቀለ አንድ ዘመድ አዲስ አበባ ገብቶ የእናቷን መሞት ነገራት። ይህኛው መርዶ እውነተኛ ነበር። ትርሓስ ፍራሽ አንጥፋ ተቀመጠች። ለቅሶ የሚደርስ ሰው ግን እምብዛም አልመጣም። «እናቷ ያኔ ግንቦት ልደታ ሰሞን አልሞቱም እንዴ?» ተባብለው ነው። አንዴ የተለቀሰላት እናት ሁለተኛ ለቀስተኛ አላገኘችም። ብቻዋን ከእማማ ጋር አለቀሰች።

በየዓመቱ ግብር መክፈያው ሲደርስ የምትቀርበው ያው እዚያው አቶ ኃይለመለኮት ጠረጴዛ ፊት ነበር። ሌላ የሚሄዱበት ቦታ የለም። እሳቸውም ዓይኗን አያዩም። ስትቀመጥ የሚጠየቀውን ይጠይቃሉ፤ ሥራ ተለውጧል? ቤት ተለውጧል? የምታስተዳድሪው ልጅ ስንት ነው የሚለው ላይ ሲደርሱ ግን አይጠይቋትም። ሳይጠይቁ «አንድ» ብለው ይጽፋሉ። እሷም ታየዋለች፤ ከፍላ ትወጣለች።

እንዲህ ሆኖ 1980 ዓ.ም. ደረሰ። አንድ ቀን የአስገዶም እህት አሰፋሽ ሰው ላከች። አሰፋሽ ኮልፌ የምትኖር ባለትዳር ናት፤ ባሏ ካድሬ ነው። አስገዶም ልጁን ለትምህርት ብሎ በአውሮፕላን ልኮላታል። መልእክቱ አጭር ነበር። ልጅሽ እኔ ቤት ናት፤ የእናት አንጀት ስለማውቅ ነው፤ ባሌ በሌለበት ሰዓት ነይ።

ትርሓስ ሄደች። የተከፈተው በር ላይ የቆመችው ልጅ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ እናቷን በቁመት በልጣለች። የእማማ ጓዳ ውስጥ የተማረችው አማርኛ ተሸርሽሮ የትግርኛ ቃና ገብቶበታል።

«ብርክቲ።»

«አቤት።»

«እናትሽ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

ትርሓስ ያ «ይቀመጡ» የሚለው ቃል ደረቷ ላይ እንዳረፈ ቆማ ቀረች። ልጅ እናቱን አንቺ ይላል። እርስዎ የሚባለው የሰው ሰው ነው።

አሰፋሽ ሻይ አፍልታ ትታቸው ወጣች። ትርሓስ ልታቅፋት ስትጠጋ ልጅቷ አልገፋቻትም፤ እጆቿ ግን ወደ ታች ተንጠልጥለው ቀሩ።

«አባቴ ሁሉንም ነግሮኛል» አለች ብርክቲ። «ሌላ ባል ሊያገቡ ስለነበር እኔን እንዲወስደኝ አድራሻዎን የላኩለት እርስዎ ነዎት።»

«ልጄ፣ እኔ አልላክሁም!»

«ታዲያ ማን ላከለት? ያንን ስም ከእኔና ካንቺ በቀር የሚያውቅ የለም ብለውኝ ነበር። እኔ አልተናገርኩም። አንድም ቀን፣ ለማንም አልተናገርኩም።» ተነሥታ ከሻንጣዋ ትንሽ ውዳሴ ማርያም አወጣች። ከገጾቹ መሃል በእጥፋቱ ላይ ሊቀደድ የደረሰ ብጣሽ ወረቀት ነበር። «ትርሓስ ገብረአረጋዊ፣ ትዕግሥት በሚል ስም የምትታወቅ» ይላል፤ ከዚያ ሰፈሩና የእማማ ግቢ። «አባቴ መንገድ ላይ አሳየኝ። ስጠኝ ብዬ ለመንኩት። የእርስዎ የእጅ ጽሑፍ ስለሆነ ነው ያስቀመጥኩት። ሌላ የእርስዎ የሆነ ነገር አልነበረኝም።»

ትርሓስ «የእኔ ጽሑፍ አይደለም» አለች። ልጅቷ አላመነቻትም። በማግሥቱ ትርሓስ አቶ ኃይለመለኮትን ከቢሮ ሲወጡ ጠብቃ መንገድ ላይ አቆመቻቸው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ከግብር ሌላ ቃል ሲነጋገሩ የመጀመሪያቸው ነበር። ልጇ ማን ቤት እንዳረፈችና ስለዚያ ብጣሽ ወረቀት ምን እንደምታምን ነገረቻቸው።

«ይምጡና እውነቱን ይንገሩልኝ።»

አቶ ኃይለመለኮት ግራ ቀኝ አዩ። «የካድሬ ቤት ነው ያልሽኝ። የመንግሥት ፋይል ለውጭ ሰው ሰጠህ ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? ጡረታዬ ደርሷል፤ ገና የሚማሩ ልጆች አሉኝ።»

«ለእኔ ብለው አይደለም» አለች ትርሓስ። «እናቴ ጣለችኝ እያለች ትልቅ ሰው እንዳትሆን ነው።» አልለመነቻቸውም። ጥላቸው ሄደች።

በእሑዱ የእማማ ግቢ በር ተንኳኳ። አቶ ኃይለመለኮት ነበሩ፤ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። «እንሂድ፤ ሐሳቤ ሳይለወጥ» አሉ።

ውይይት ታክሲ ውስጥ ሳይነጋገሩ ኮልፌ ደረሱ። ብርክቲ ወንበር ብታቀርብላቸውም አቶ ኃይለመለኮት አልተቀመጡም። እንደ ተከሳሽ ቆመው ተናገሩ፤ የግብር መዝገቡን፣ የገቡትን ቃል፣ ሐድጉ ነኝ ብሎ የመጣውን ሰው፣ መርዶውን። «ያንን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ። እናትሽ አታውቅም ነበር። እኔ የማውቀው ያኔ ፊደል ሳትቆጥር መምጣቷን ነው።»

ልጅቷ ደብተርና እርሳስ አቀበለቻቸው። «ይጻፉት።»

ጻፉት። ጽሑፉ ያው ነበር፤ የ«ት» አናት እንደዚያው ወደ ግራ ይጎተታል፣ የ«ሓ» እግር እንደዚያው ይረዝማል። ብርክቲ ሁለቱን ጎን ለጎን ይዛ ረጅም ጊዜ አየች። ትርሓስ ልጇ የምትደሰት መስሏት ነበር። ልጅቷ ግን ፊቷ እየጠቆረ ሄደ። ከሁሉ ነገር መሃል የእናቴ ነው ብላ ያስቀመጠችው አንድ ነገር፣ እሱም የማታውቀው ሽማግሌ ጽሑፍ ሆነባት። ብጣሹን ወረቀት አጥፋ ለአቶ ኃይለመለኮት ዘረጋችላቸው።

«ይውሰዱት። የእርስዎ ነው።»

ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች። እንባዋ ያኔ መጣ። «አንቺስ ለምን አልመጣሽም? የአባቴ አባት ሲያስርበኝ፣ አባቴ ሲደበድበኝ በር በሩን ነበር የማየው። ለምን አልመጣሽም?»

ትርሓስ ወልድያን ነገረቻት፤ ደሴን፣ ኬላውን፣ የይለፍ ወረቀቱን፣ መልስ ያጡ ደብዳቤዎችን። ሁሉም እውነት ነበር። ስትናገረው ግን ለራሷም ትንሽ ሆኖ ተሰማት። ልጅቷ አዳምጣ «እሺ» አለች።

አቶ ኃይለመለኮትን ማንም አልጠየቃቸውም፤ ማንም አልከሰሳቸውም። ያንን ሁሉ ፍርሃት በከንቱ ነበር የፈሩት። በጡረታ ሲወጡ ቁም ሳጥኑን ለሌላ ሰው አስረክበው ሄዱ።

ብርክቲ ከኮልፌ ጓዟን ነቅላ ወደ እናቷ አልመጣችም። አንዳንድ እሑድ ትጠይቃት ነበር። በ1981 ዓ.ም. አስገዶም አስመራ ላይ በጠና ታሞ ሲያስጠራት የሚያስታምመው እሷ ብቻ ናትና ሄደች፤ ሳትመለስ ቀረች። ደብዳቤዎቿ አልፎ አልፎ ይደርሳሉ፤ ሁሉም ደህንነት ጠይቀው ደህንነት የሚመኙ ናቸው።

ትርሓስ ስለ ልጇ ስታስብ ግን የሚመጣባት የመጀመሪያው እሑድ ነው። ያን ቀን ዶሮ ሠርታ፣ ቤቱን አጽድታ፣ ከጠዋት ጀምሮ መንገድ መንገዱን ስታይ ዋለች። ልጅቷ መጣች፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አንድ ሁለት ጉርሻ ቀመሰችና «ጠግቤያለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ሳህኑን አነሣሥታ አጠበች። የእማማን ጉልበት ሳመች። ትርሓስ እስከ አውቶቡሱ ሸኝታት ስትመለስ፣ ዓይናቸው የደከመው እማማ ወለተሰንበት ከመደባቸው ሆነው ጠሯት።

«እንዴት ሆናለች ልጅሽ?»

«ጨዋ ሆናለች እማማ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

ትርሓስ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። «ልጅ እናቱ ቤት ሲገባ ራበኝ ይላል። ድስት ይከፍታል፣ ይሄን አልበላም ብሎ ያኮርፋል። እሷ ስታመሰግነኝ ዋለች።»

እማማ እጃቸውን ዘርግተው በዳበሳ ራሷን አገኙና እዚያው ላይ አሳረፉት።